አገርን ከሥሩ ማንበብ፦ አርኪዮሎጂና ተግባራዊ ሳይንስ ለልጆቻችን

በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ ከትምህርት ክፍሉ የቀረበ ንግግር





አሥር ዓመት በሰው ዕድሜ ሲለካ አንድ ሕፃን ተወልዶ፣ ፊደል ቆጥሮ፣ አራተኛና አምስተኛ ክፍል የሚደርስበት ጊዜ ነው። ይህ ማኅበር ሲቋቋም በእናቶቻቸው ጀርባ ላይ የነበሩት ዛሬ ከፊታችን ተቀምጠው ያዳምጡናል። ያን ጊዜ ፊደል ይቆጥሩ የነበሩት ደግሞ አሁን የኮሌጅ ማመልከቻ ይሞላሉ። የትምህርት ክፍላችን በዚህ በዓል ላይ እንዲናገር በተጠየቀ ጊዜም፣ ስላለፉት አሥር ዓመታት ሌሎች ስለሚናገሩ፣ እኛ እነዚህ ልጆች ነገ ስለሚማሩት ነገር ብንናገር ይሻላል ብለን ተስማማን። (በንግግራችን ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንገልጻለን።)

በዴንቨርና በኦሮራ የምንኖር ወላጆች ለልጆቻችን የምንመኘው የታወቀ ነው። ሐኪም፣ ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ መሐንዲስ፣ የኮምፒዩተር ባለሙያ እንዲሆኑልን እንፈልጋለን። ይህ ምኞት ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሌሊት ታክሲ እየነዳ፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ ሁለት ፈረቃ እየሠራ፣ ከሚያገኘው ላይ ለቤት ኪራይ ከፍሎ የተረፈውን አገር ቤት ላሉ ወላጆቹና ወንድሞቹ የሚልክ ሰው፣ ልጁ ደመወዙ የታወቀ ሙያ እንዲይዝለት ቢመኝ ማንም አይፈርድበትም። ታዲያ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ተነሥቶ፣ «እኔ መማር የምፈልገው አርኪዮሎጂ ነው» ያለ እንደሆነ የሚከተለውን ዝምታ መገመት አያዳግትም። ከዝምታው ቀጥሎም፣ «አፈር ልትቆፍር ነው እንዴ ይህን ሁሉ መከራ አይተን እዚህ ያመጣንህ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል።

ይህ ጥያቄ የንቀት ጥያቄ አይደለም፤ የእንጀራ ጥያቄ ነው። ስለሆነም በቁምነገር ልንመልሰው ይገባል። መልሳችንን ባጭሩ እንናገርና ወደ ዝርዝሩ እንገባለን። የዛሬው አርኪዮሎጂ በአካፋና በብሩሽ ብቻ የሚሠራ ሙያ አይደለም። በአንድ እግሩ በታሪክ ላይ፣ በሌላው እግሩ በተግባራዊ ሳይንስ ላይ፣ ማለትም በጂኦሎጂ፣ በኬሚስትሪ፣ በፊዚክስ፣ በአካል ጥናትና በኮምፒዩተር ላይ የቆመ ነው። በሁለቱም እግሩ እንዲቆም ሆኖ የተማረ ልጅ እንጀራውን አያጣም። ከዚህም በላይ፣ የገዛ አገሩ መሬት የያዘውን ታሪክ ሌላ ሰው እንዲያነብለት አይጠብቅም።

ይህን ለመረዳት ወደ አገራችን ታሪክ መለስ እንበል። በ1974 ኅዳር 24 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ዶናልድ ጆሃንሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከተማሪው ከቶም ግሬይ ጋር በዓፋር ምድር፣ ሐዳር በተባለ ስፍራ የድንቅነሽን አጥንቶች አገኘ። ቀኑን በዕድሜ የገፉ አባቶቻችን በሌላ ነገር ያስታውሱታል። ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት በአዲስ አበባ የተገደሉበት ማግስት ነበር። አገር በሐዘንና በፍርሃት ተውጣ በነበረችበት በዚያ እሑድ ቀን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች፣ ከመላ አካሏ 40 ከመቶ ያህሉ የተገኘላት ፍጥረት ከአፈር ወጣች። ፈረንጆቹ ሉሲ አሏት፤ እኛ ድንቅነሽ አልናት።

ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን ብዙዎቻችን አናስተውለውም። አጥንቶቹ ለጥናት ወደ ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ ተወሰዱ። ወደ አገራቸው የተመለሱት በ1980 ነበር። ይህ የሆነው ስለተሰረቁ አልነበረም፤ በውል ነበር የሄዱት። የሄዱበት ምክንያት በአዲስ አበባ እነዚህን የመሰሉ ቅሪተ አካሎች የሚጠኑበት ቤተ ሙከራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያጠናቸው በዚህ ሙያ የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ ስላልነበረ ነው። መሬቱ የእኛ ነበር። ቅሪተ አካሉም የእኛ ነበር። በመስክም ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ በዚያው በ1974 በሐዳር ጥንታውያን መንጋጋዎችን ያገኘው የባህል ሚኒስቴር ባልደረባ አለማየሁ አስፋው ነው። ነገር ግን መጽሐፉን የሚያነበው ሌላ ሰው ነበር።

በ1982 መንግሥት የውጭ አገር ቡድኖች በዚህ መስክ የሚያደርጉትን የመስክ ጥናት አገደ። እገዳው እስከ አሥርቱ ዓመታት መጨረሻ ቆየ። ከእገዳው ጀርባ ብዙ ነገር ቢኖርም፣ ከቅሬታዎቹ አንዱ የውጭ ሰዎች ሲያጠኑ ኢትዮጵያውያን አልሠለጠኑም የሚል ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ኢትዮጵያዊ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ትምህርቱን ይከታተል ነበር። እርሱም ዶክተር ብርሃኔ አስፋው ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ተመለሰ። በእርሱ መሪነት ከ1988 ጀምሮ በተካሄደው አገር አቀፍ የቅሪተ አካል ቆጠራ፣ ቀድሞ የማይታወቁ ስፍራዎች ተገኙ። ከእነዚህ አንዱ በደቡብ የምትገኘው ኮንሶ ናት። በኮንሶ የተገኙት የእጅ መጥረቢያዎች 1.75 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ መሆናቸውን በ2013 ያሳተመው ጥናት መሪ ጸሐፊ ደግሞ ሌላው ኢትዮጵያዊ ምሁር ዶክተር ዮናስ በየነ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው እንደ ጎርፍ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ዶክተር ስለሺ ሰማው በጎና የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው መሆኑን በ1997 ከባልደረቦቹ ጋር አሳወቀ። ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ በ1994፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችውን የአርዲን አጽም የመጀመሪያ ቁራጭ አገኘ። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን በ2000 በዲኪካ የሦስት ዓመት ሕፃን አጽም አገኘ፤ ሰላም ተባለች። በ2016 ደግሞ ዶክተር ዮሐንስ በሚመራው በወራንሶ ሚሌ የጥናት ስፍራ፣ የአካባቢው ተወላጅ የሆነ አንድ የዓፋር ሰው ባሳየው ቁራጭ መነሻነት፣ 3.8 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ ሙሉ ሊባል የሚችል የራስ ቅል ተገኘ። ይኸው ዮሐንስ ኃይለሥላሴ በ2021 በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያለውን የሰው ዘር አመጣጥ ጥናት ተቋም እንዲመራ ተሾመ። ተቋሙን የመሠረተው ድንቅነሽን ያገኘው ዶናልድ ጆሃንሰን ነው። ከ1974 እስከ 2021 ያለው መንገድ ይህ ነው። መንገዱን የከፈተው የጥቂት ሰዎች መማር መሆኑን ልብ በሉልን።

እነዚህ ሰዎች በየትኛው በር ገቡ? ዮሐንስ ኃይለሥላሴ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪውን ያገኘው በታሪክ ነው። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተማረው ጂኦሎጂ ነው። የአርዲንና የሌሎችን ግኝቶች የመሬት አቀማመጥ ካጠኑት ዋነኞቹ አንዱ የሆነው ዶክተር ጊዳይ ወልደገብርኤልም የጂኦሎጂ ሰው ነው። እርሱ ለብዙ ዓመታት የሠራው ከእኛ በስተደቡብ ባለው ጎረቤት ስቴት፣ በኒው ሜክሲኮ በሚገኘው የሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ነው። እንግዲህ አንዱ በታሪክ በር፣ ሌሎቹ በሳይንስ በር ገብተው በአንድ ቤት ተገናኙ ማለት ነው። «ታሪክ የሚወድ ልጅ ሳይንስ አይሆንለትም» ወይም «ሒሳብ የሚችል ልጅ በታሪክ ጊዜውን ያባክናል» የሚለውን አባባል እነዚህ ሰዎች በሕይወታቸው አፍርሰውታል።

አሁን ተግባራዊ ሳይንስ ለዚህ ሥራ ምን ያደርጋል ወደሚለው እንለፍ። ብዙ ሰው፣ «ይህ አጥንት ሦስት ሚሊዮን ዓመቱ ነው የሚሉት በምን አውቀው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በጥንታዊ እንጨት፣ በከሰል ወይም በብራና ላይ የሚሠራው የካርቦን ልኬት ከ50,000 ዓመት ገደማ በላይ አይሄድም። ምክንያቱም ካርቦን 14 የሚባለው በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ከዚያ በኋላ የሚለካ ነገር አይተርፍም። ስለዚህ ለአክሱም ዘመን ከሰል ያገለግላል፤ ለድንቅነሽ ግን አያገለግልም።

ለድንቅነሽ የሚያገለግለው እሳተ ገሞራ ነው። የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዎች በየዘመኑ አመድ ሲተፉ፣ አመዱ በምድር ላይ እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ በላዩ ደለል ይተኛል፤ እንደገና ሌላ አመድ ይመጣል። በአመዱ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ክሪስታሎች ፖታሲየም የተባለ ንጥረ ነገር አላቸው። ከፖታሲየሙ ጥቂቱ በጣም በዝግታ ወደ አርገን ጋዝ ይለወጣል። ዓለቱ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ይወጣል። ሲቀዘቅዝ ግን ክዳኑ እንደተገጠመ ድስት ይሆንና ከዚያ በኋላ የሚፈጠረውን ጋዝ ሁሉ ይዞ ያስቀራል። በውስጡ የተጠራቀመውን አርገን የለካ ሰው ድስቱ ከተከደነ ስንት ዘመን እንደሆነው ያውቃል። አጥንቱ በሁለት የአመድ ንጣፎች መካከል ከተገኘ፣ ዕድሜው ከታችኛው ያነሰ፣ ከላይኛው የበለጠ ነው ማለት ነው። አርዲ የተገኘችው እንዲህ ባሉ ሁለት ንጣፎች መካከል ነው፤ ሁለቱም 4.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆነው ስለተገኙ ስለ ዕድሜዋ ብዙ ክርክር አልቀረም።

ይህን ልኬት በትክክል ለመሥራት በዘመናዊው ዘዴ ናሙናው በመጀመሪያ ወደ ኒውክሌር ሪአክተር ገብቶ በኒውትሮን ይመታል። ከዚያ በኋላ ክሪስታሉ በሌዘር ቀልጦ ጋዙ ይለካል። እዚህ ላይ ለእኛ ለዴንቨር ነዋሪዎች የሚያስገርም ነገር አለ። ይህን ዓይነት አገልግሎት ሲሰጡ ከቆዩት ሪአክተሮች አንዱ የሚገኘው በሌክውድ፣ በዴንቨር ፌዴራል ሴንተር ግቢ ውስጥ ነው። የአሜሪካ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ከ1969 ጀምሮ የተጠቀመበት ትንሽ የምርምር ሪአክተር ነው። በስድስተኛ ጎዳና ወደ ጎልደን ስንሄድ ከአጠገቡ እናልፋለን። በመንገዱ መጨረሻ ደግሞ በ1874 የተመሠረተው የኮሎራዶ የማዕድን ትምህርት ቤት አለ። የአገራችንን ታሪክ ለማንበብ የሚያስፈልገው ትምህርት ከቤታችን የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት ለእኛ የተነገረ ይመስላል።

ሌሎች ምሳሌዎችም አሉ። ዶክተር ዘረሰናይ ሰላምን ከያዛት ድንጋይ ለማላቀቅ የጥርስ ሐኪም በሚጠቀምበት ዓይነት መሣሪያ አሸዋውን ቅንጣት በቅንጣት እየፋቀ ዓመታት ፈጅቷል። ከዚያም ወደ ግሬኖብል፣ ፈረንሳይ ተወስዳ በኃይለኛ የኤክስሬይ ጨረር ውስጧ ታየ፤ የጀርባ አጥንቷ አሠራርም በዚህ መንገድ ታወቀ። ድንቅነሽም በ2008 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በኦስቲን በሲቲ ስካን ታይታ ከ35,000 በላይ ምስሎች ተነሥተውላታል። በሆስፒታል የሚሠሩ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ይህን መሣሪያ በየቀኑ ያውቁታል። ዶክተር ዘረሰናይ ራሱ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው የአካል አወቃቀር በሚጠናበት ክፍል ነው። እንግዲህ ለነርስነት ብላ የአካል ትምህርት የጀመረች ልጅ ወደዚህ ሙያ ብትዞር የተማረችው ሁሉ ስንቅ ይሆናታል እንጂ አይባክንም።

የአክሱምን ሐውልትም እናስታውስ። በ1937 በፋሺስት ኢጣሊያ ወደ ሮማ የተወሰደው፣ 24 ሜትር ቁመት ያለው ሐውልት በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2008ም ዳግመኛ ቆመ። ያን ዕለት በየቤታችን እልል ብለናል። ነገር ግን ለማቆም የተሰለፉት እነማን ነበሩ ብለን ብንጠይቅ፣ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎችና የሕንፃ መሐንዲሶች ጎን ለጎን ሆነው ነው። ከመቆሙ በፊት መሬቱ በልዩ መሣሪያ ሲፈተሽ ከሥሩ ቀድሞ ያልታወቁ የመቃብር ክፍሎች መኖራቸው ታየ። የከርሰ ምድር ፊዚክስ የተማረ ሰው ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ክብደት በነገሥታት መቃብር ላይ ሊያርፍ ይችል ነበር።

እስካሁን ስለ አገር ቤት ተናገርን። የምንኖርባት ኮሎራዶም ለዚህ ትምህርት የተመቸች አገር ናት። በደቡብ ምዕራብ የምትገኘው ሜሳ ቨርዴ በ1906 ብሔራዊ ፓርክ ሆናለች፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። ይህ ዓመተ ምሕረት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ላሊበላና የስሜን ተራሮችም በዚያው በ1978 የመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። በጎልደን አቅራቢያ በሚገኘው ማጂክ ማውንቴን የተባለ ጥንታዊ ስፍራም የዴንቨር የተፈጥሮና የሳይንስ ሙዚየም በ2017 እና በ2018 ሕዝቡን አሳትፎ ቁፋሮ አካሂዷል።

ከሁሉ በላይ ግን ልባችንን የነካው የአማቺ ጉዳይ ነው። ወደ ካንሳስ ድንበር ሲቃረቡ ግራናዳ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከ1942 እስከ 1945፣ የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች በዘራቸው ብቻ ከቤታቸው ተነሥተው በዚያ ታስረው ነበር። ቁጥራቸው በአንድ ወቅት ከ7,000 በላይ ደርሷል፤ አብዛኞቹም የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሰፈሩ ፈርሶ ሜዳ ሆነ። ከ2008 ጀምሮ ግን የዴንቨር ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂ መምህራንና ተማሪዎች በሰመር ወራት እየሄዱ ያጠኑታል። የታሰሩት ሰዎችና ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውም አብረው ይቆፍራሉ። እስረኞቹ በአሸዋ ላይ ያለሙት የአትክልት ቦታ፣ የተጠቀሙበት የሸክላ ስባሪ፣ የልጆች መጫወቻ እየተገኘ ነው። በ2022 አማቺ የአገሪቱ ብሔራዊ የታሪክ ስፍራ እንድትሆን በሕግ ተወሰነ። አያቶች ስለ መከራቸው ዝም ባሉበት ቤት፣ የልጅ ልጅ አፈሩን ገልጦ ታሪኩን አገኘው ማለት ነው። እኛም ዝም ያልነው ብዙ ነገር ያለን ሰዎች ነን። ይህን ከጃፓናውያኑ ብንማር አናፍርም።

ወደ እንጀራው ጥያቄ እንመለስ። ወላጆችን ማታለል አንፈልግም። አርኪዮሎጂ ቶሎ ሀብታም የሚያደርግ ሙያ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ቦታም ጥቂት ነው፤ ለዚያም የዶክትሬት ዲግሪ ያስፈልጋል። ሆኖም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በ1966 በወጣው የአሜሪካ የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ሕግ መሠረት፣ የፌዴራል ገንዘብ ወይም ፈቃድ ያለበት መንገድ፣ ድልድይ፣ የጋዝ ቧንቧ ወይም ግድብ ከመሠራቱ በፊት በስፍራው ቅርስ መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት። ስለዚህ በዚህ አገር አብዛኞቹ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ሥራቸው በዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይደለም። እንዲህ ያለ ጥናት በሚሠሩ ኩባንያዎችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነው የሚሠሩት። በመጀመሪያ ዲግሪ የመስክ ሥራ ይገኛል፤ ጥናቱን ለመምራት ግን የማስተርስ ዲግሪና ልምድ ይጠየቃል። የመስኩ ሥራ በየጊዜው የሚቆራረጥ፣ ከቤት የሚያርቅ መሆኑንም ልጆች አስቀድመው ይወቁት።

ሁለተኛው እግር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከአርኪዮሎጂው ጋር ጂኦሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ወይም ጂ.አይ.ኤስ. የሚባለውን በኮምፒዩተር ካርታ የመሥራት ሙያ የተማረ ልጅ፣ አንዱ በር ቢዘጋበት ሌላው ይከፈትለታል። የካርታው ሙያ በከተማ አስተዳደር፣ በውኃ ድርጅት፣ በመንገድ ሥራ፣ በየትም ይፈለጋል። የኬሚስትሪና የጂኦሎጂ ሙያም በቤተ ሙከራና በአካባቢ ጥበቃ ሥራ ይፈለጋል።

መንገዱ እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ወላጆች በዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ዝርዝር ውስጥ «አርኪዮሎጂ» የሚል ክፍል ፈልገው ሲያጡ የለም ብለው እንዳይደመድሙ። በአሜሪካ ይህ ትምህርት በአብዛኛው የሚሰጠው አንትሮፖሎጂ በተባለው ክፍል ውስጥ ነው። በመሀል ዴንቨር በኦራሪያ ግቢ ያሉት የሜትሮፖሊታን ስቴት ዩኒቨርሲቲና የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ዴንቨር ቅርንጫፍ፣ እንዲሁም የዴንቨር ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂን ያስተምራሉ።

ሁለተኛ፣ ወጪው። በኮሎራዶ በ2009 በወጣ ሕግ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ገና በትምህርት ቤት ሳለ የኮሌጅ ትምህርት የሚወስድበት፣ የትምህርት ክፍያውንም የትምህርት ዲስትሪክቱ የሚሸፍንበት አሠራር አለ። ልጆቻችሁ አሥረኛና አሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርሱ አማካሪያቸውን ጠይቁ። ከዚያ በኦሮራ ኮሚኒቲ ኮሌጅ መጀመርና ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ብዙ ገንዘብ ያተርፋል። በመላው ስቴት በሕዝብ ኮሌጆች ዘንድ ተቀባይነታቸው የተረጋገጠላቸው ኮርሶች ስላሉ፣ ከመመዝገብ በፊት ኮርሱ ከእነዚህ አንዱ መሆኑን ማጣራት ብልህነት ነው። በእነዚህ የመጀመሪያ ዓመታት ልጁ ሒሳቡን፣ ኬሚስትሪውን፣ ጂኦሎጂውንና የአንትሮፖሎጂ መግቢያውን ቢወስድ፣ በኋላ ሐሳቡን ቢለውጥ እንኳ የጠፋ ነገር አይኖርም።

ሦስተኛ፣ የመስክ ትምህርት። በዚህ ሙያ ሥራ ለመያዝ በሰመር ለጥቂት ሳምንታት በቁፋሮ ስፍራ መሠልጠን ግዴታ ሊባል ይችላል። ተማሪው ለዚህ ራሱ ከፍሎ፣ የሰመር ሥራውንም ትቶ ነው የሚሄደው። የእኛ ልጆች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። የቤተሰቡ ኪራይ በልጁ የሰመር ደመወዝ የሚደገፍ ከሆነ፣ ልጁ ጎበዝ ቢሆንም ይቀራል።

እዚህ ላይ ማኅበራችን ሊያደርግ የሚችለው ነገር አለ፤ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውም ይህንኑ ነው። በየሁለት ዓመቱ አንድ ተማሪ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ የመስክ ትምህርቱን ወጪና ያጣውን የሰመር ደመወዝ ከፊል የሚሸፍን መጠነኛ ገንዘብ እናዋጣ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ተማሪው በምላሹ ሲመለስ በማኅበሩ አዳራሽ ለልጆች ያየውን ያስረዳ። ከዚህ ጋር፣ ሙያውን ማዳበር ለሚፈልጉ ልጆች የመጀመሪያ ልምምድ የሚሆን ሥራ በእጃችን አለ። ይህ ማኅበር ያሉት ፎቶግራፎች፣ ቃለ ጉባኤዎች፣ የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ይዘዋቸው የመጡ ደብዳቤዎችና ካሴቶች በየሰው ምድር ቤት ተበትነዋል። ልጆቹ ሰብስበው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ በኮምፒዩተር መዝግበው ቢያስቀምጡልን፣ አርኪዮሎጂ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የአዛውንቶቻችን ቃልም በድምፅ ይቀረጽ። ይህን ሥራ ነገ እንሠራዋለን ብንል፣ ነገ የሚነግረን ሰው ላናገኝ እንችላለን።

ለወላጆች የምንለው፣ ልጃችሁ ይህን ትምህርት ሲጠይቃችሁ፣ «አይሆንም» ከማለታችሁ በፊት፣ «ከእርሱ ጋር የትኛውን ሳይንስ ትማራለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ያለው ልጅ ያሰበበት ልጅ ነው። መልስ ከሌለው ደግሞ አብራችሁ ፈልጉ፤ የትምህርት ክፍላችንም ያግዛችኋል። ለእናንተ ለተማሪዎቹ የምንለው ደግሞ፣ የወላጆቻችሁ ፍርሃት ከድካማቸው የመጣ መሆኑን አትርሱ። ፍርሃታቸውን የምታስታግሡት በክርክር አይደለም። የትምህርት ዕቅዳችሁን በወረቀት ጽፋችሁ፣ ወጪውን ቆጥራችሁ፣ ሁለተኛውን እግራችሁን አሳዩአቸው።

አንድ ነገር ጨምረን እንፈጽማለን። በዓፋርም፣ በኮንሶም፣ በአክሱምም፣ በሸዋም መሬት ውስጥ ገና ያልተነበበ ብዙ ነገር አለ። አገር ቤት ያሉ ዩኒቨርሲቲዎቻችንም፣ አዲስ አበባና አክሱም ጭምር፣ ዛሬ አርኪዮሎጂን ያስተምራሉ። የሚያስፈልጋቸው የላቦራቶሪ ዕውቀት ያለው፣ ቋንቋቸውን የሚሰማ፣ አብሯቸው የሚሠራ ሰው ነው። ያ ሰው ከኦሮራ ቢሄድላቸው ምን ይለናል? በ1974 ያልነበረን የሠለጠነ ሰው ነበር፤ ዛሬ ያ ሰው ከዚህ አዳራሽ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ያቀረብነውን የመዋጮ ሐሳብ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተወያይታችሁ እንድትወስኑበት በአክብሮት እንጠይቃለን።